የፓት እምቢታ፦ «ኤ ሲክሬት ላቭ» ሲመዘን

ቴሪ ዶናህዩና ፓት ሄንሼል የተዋወቁት በ1947 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ካናዳ ውስጥ፣ ሳስካችዋን በሚባለው የስንዴና የብርድ አገር፣ ሙስጆ ከተማ በሚገኝ የበረዶ ሆኪ መጫወቻ። የለያያቸው ሞት ነው። ቴሪ በማርች 2019 በ93 ዓመቷ አረፈች። በመሀል 72 ዓመት አለ። ከዚህ ውስጥ ከ60 የሚበልጠውን ዓመት ለዘመድ፣ ለሥራ ባልደረባና ለጎረቤት «ጓደኛሞች ነን»፣ አንዳንዴም «የአክስትና የአጎት ልጆች ነን» እያሉ አሳልፈውታል። የክሪስ ቦላን ዘጋቢ ፊልም «ኤ ሲክሬት ላቭ» የሁለቱን ሴቶች የመጨረሻ ዓመታት ይከተላል፤ እግረ መንገዱንም ወደ ኋላ እየተመለሰ ወጣትነታቸውን ይጎበኛል። ርዝመቱ ከ80 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ራያን መርፊና ጄሰን ብለም ከፕሮዲውሰሮቹ መካከል ናቸው፤ በኤፕሪል 2020 በኔትፍሊክስ ተለቀቀ።

የፊልሙ ርእስ፣ ማስታወቂያውና ስለ እሱ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የተንጠለጠለው በምስጢሩ ላይ ነው፦ ስንት ዓመት እንደተደበቁ፣ መጀመሪያ ማን እንዳወቀ፣ ሲነገር ማን ምን እንዳለ። ይህ ሁሉ ይማርካል። ፊልሙን ደጋግሜ ሳየው ግን ልቤ የሚቀረው ሌላ ቦታ ነው። ቴሪን ፓርኪንሰን ይዟት እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ ቤተሰቡ «ወደ ካናዳ ኑ፣ እኛ አጠገባችሁ እንሁን» ሲል ፓት አይሆንም ትላለች። ይለምኗታል፣ ይቆጧታል፣ ያባብሏታል፤ አይሆንም ትላለች። ፊልሙ ይህን እምቢታ የአንዲት ግትር አሮጊት ጠባይ አድርጎ ሊያልፈው ይዳዳዋል። እኔ ግን የእነዚህ ሴቶች ቃል ኪዳን ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የማየው ከሠርጋቸውም ከደብዳቤዎቻቸውም ይልቅ በዚህ እምቢታ ነው። ይህን ዳሰሳ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ታሪኩ ለተመልካች የሚቀርበው በኳስ በኩል ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹን ከየሜዳው እየለቀመ ሲወስድ፣ የማስቲካ ባለሀብቱና የቺካጎ ካብስ ቡድን ባለቤት ፊሊፕ ሪግሊ በ1943 የሴቶች ቤዝቦል ሊግ አቋቋመ። ሊጉ በ1954 እስኪዘጋ ድረስ ከ600 በላይ ሴቶች ተጫውተውበታል፤ ከካናዳ የሄዱትም ብዙ ነበሩ። ቴሪ ሜላቫል ከምትባል የሳስካችዋን የገጠር መንደር ወጥታ ከ1946 እስከ 1949 ለፒዮሪያ ሬድዊንግስ ተሰለፈች። ከመቺዋ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ መቅለብ ሥራዋ ነበር። ሊጉ ለሴቶቹ ደመወዝም ዝናም ሰጥቷቸዋል፤ በለውጡ ደግሞ መልካቸውን ተቆጣጥሯል። የሚጫወቱት በአጭር ቀሚስ ነበር፤ መሬት ላይ ሲንሸራተቱ ጭናቸው ይላጣል። የከንፈር ቀለም የግድ ነው፤ ፀጉርን እንደ ወንድ አሳጥሮ መቆረጥ ክልክል ነው፤ ለየቡድኑ ሴት ተቆጣጣሪ ተመድቧል። መጀመሪያ ላይ በሄለና ሩቢንስታይን የውበት ቤት ሥር ስለ አቀማመጥና አረማመድ ሳይቀር ተምረዋል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሜዳ ላይ ወንድ የሚመስሉ ሴቶች እንዳይታዩ ነበር፤ ከዚያ ፍርሃት ሥር ያለውን ሌላውን ፍርሃት የሊጉ ሰዎች በስሙ አልጠሩትም። የፔኒ ማርሻል ተወዳጅ ፊልም «ኤ ሊግ ኦፍ ዜር ኦውን» በ1992 ይህን ሊግ ለዓለም ሲያስታውስም እርስ በርስ ስለተፋቀሩት ተጫዋቾች አንድም ነገር አላነሳም። ስለዚህ ቦላን ቴሪን ካሜራ ፊት ማስቀመጡ ብቻውን ለዚያ ዝምታ መልስ ነው። ይህን ውለታ አልክድም።

ቢሆንም የቤዝቦሉ ክፍል ተራዝሟል። የድሮ የፊልም ቅጂዎቹ ያምራሉ፣ ቴሪ ለአድናቂዎቿ ስትፈርም ማየትም ደስ ይላል። ነገር ግን እሷ በሊጉ የቆየችው አራት የጨዋታ ዘመን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቺካጎ ውስጥ በአንድ የቤት ውስጥ ዲዛይን ድርጅት ለአሥርት ዓመታት ሠርታለች። ማለዳ ተነስቶ ቢሮ መግባት፣ ሰኞ ጠዋት «ቅዳሜና እሁድን እንዴት አሳለፍሽ?» ሲሏት ማን ጋር እንደነበረች ሳይናገሩ መመለስ፣ በዓል ሲደርስ ስለ ባል ስትጠየቅ መሳቅ፤ የሁለቱ ፍቅር በየቀኑ የተፈተነው በዚህ ዓይነቱ ተራ ነገር ነው። ፊልሙ ለዚያ ረጅም የሥራና የኑሮ ዘመን የሚሰጠው ጊዜ ትንሽ ነው። ቤዝቦል ስለሚሸጥ ቦታውን ወሰደ፤ ጠዋትና ማታ የሚደጋገመው ኑሮ ግን ተረሳ።

የፍርሃቱን ዘመን ፊልሙ በፖሊስ ወረራ፣ በቡና ቤቶችና በጋዜጣ አርእስቶች በኩል ያሳያል። ያሳየው እውነት ነው። በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ያወጡት ትእዛዝ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ከፌዴራል መንግሥት ሥራ አባሯል። ኢሊኖይ በ1961 ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ከወንጀል ዝርዝር ብታወጣም የቺካጎ ፖሊስ ወረራውን አላቆመም። በ1964 ከከተማዋ ወጣ ባለ አንድ መዝናኛ ከ100 በላይ ሰዎች ተይዘው፣ የአስተማሪዎችና የሌሎች ሠራተኞች ስም ከነሥራቸው በጋዜጣ ወጥቷል። በዚያ ዘመን ስም በጋዜጣ መውጣት ሥራን፣ ቤትን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ማጣት ነበር።

ቴሪና ፓት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ስጋት ነበረባቸው፤ ፊልሙ ጊዜ የማይሰጠው ይህ ነጥብ ለስደተኛ አንባቢ ወዲያው የሚገባ ነው። ሁለቱም አሜሪካ የገቡት የውጭ አገር ሰው ሆነው ነው። የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ «የአእምሮ ጠባይ መዛባት» ያለበትን ሰው ወደ አገር እንዳይገባ የሚከለክል፣ ከገባም ለማስወጣት የሚያገለግል አንቀጽ ነበረው፤ ባለሥልጣናቱ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን በዚሁ አንቀጽ ሥር ይጥሏቸው ነበር። በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒው ዮርክ ይኖር የነበረውን ክላይቭ ቡቲሊየርን በዚህ ምክንያት ወደ ትውልድ አገሩ እንዲባረር ወሰነ። ቡቲሊየር ካናዳዊ ነበር። አንቀጹ የተነሳው በ1990 ነው። እንግዲህ ሁለቱ ካናዳውያት «የአክስት ልጅ» የሚለውን ሽፋን የፈለጉት ከሐሜት ለመዳን ብቻ እንዳልነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ አንድ ጠቋሚ ቢገኝ ሻንጣ ተሸክሞ ድንበር መሻገር ሊከተል ይችል ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱን ደብዳቤ በፍርሃት ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደ ደብዳቤዎቹ ልምጣ። ሁለቱ ቤታቸውን ለመልቀቅ ዕቃ ሲያነሱ፣ ሲጥሉና ሲመርጡ የድሮ የፍቅር ደብዳቤዎች ይወጣሉ። የብዙዎቹ ወረቀቶች ግርጌ ተቀድዷል። ፊርማው ያለበትን ጥግ ቀድደው የጣሉት ራሳቸው ናቸው፤ ወረቀቱ በማይሆን ሰው እጅ ቢገባ የማን ደብዳቤ ለማን እንደሆነ እንዳይታወቅ። ቦላን ይህን ሲያሳይ ማብራሪያ አይጨምርም፣ ሙዚቃም ብዙ አይጭንበትም። የተቀደደውን ወረቀት ያሳየናል፣ አሮጊቶቹ ስለ እሱ ሲያወሩ እንሰማለን፤ ይበቃል። ልብ ያልኩት ግን አንድ ነገር ነው፤ ስማቸውን ቀደዱ እንጂ ደብዳቤውን አልጣሉም። አደጋውን ለመቀነስ የሚችሉትን ያህል ቀነሱ፤ የተረፈውን ደግሞ ከቤት ቤት፣ ከአሥርት ዓመት ወደ አሥርት ዓመት ተሸከሙት። ዳይሬክተሩ እንደዚህ በእጁ ባለው ነገር በተማመነበት ቦታ ሁሉ ፊልሙ ይጠነክራል።

የፊልሙ ልብ ግን ሴንት ቻርልስ፣ ኢሊኖይ ያለው ቤታቸው ነው። ቴሪን አክስቴ የምትለው ዳያና ከካናዳዋ ኤድመንተን ትመላለሳለች። ቴሪን ከልቧ ትወዳለች፤ ያን መጠራጠር አይቻልም። ቴሪ እየደከመች፣ መድኃኒቱ እየበዛ፣ ደረጃው አደጋ እየሆነ ሲሄድ ዳያና የአረጋውያን መኖሪያ ይፈለግ፣ ቢቻል ደግሞ ወደ ካናዳ ይምጡ ትላለች። ቴሪ በመሀል ናት፤ ለዳያናም ለፓትም ደግ መሆን ትፈልጋለች፤ የሁለቱንም ፊት ታያለች። ፓት ግን ጥርሷን ነክሳ ትቀመጣለች። መኖሪያዎቹን ሲጎበኙ ፊቷ ይጠቁራል። ዳያና በመጨረሻ ፓትን ፊት ለፊት ትገጥማታለች፤ ለዓመታት በሆዷ የያዘችውን፣ ፓት ቴሪን ከቤተሰቧ እንዳራቀቻት የሚሰማትን ቅሬታ ታወጣዋለች። ፓት መልስ አታበዛም።

ይህ ትእይንት ያለ ማጋነን ከተመለከትኳቸው የቤተሰብ ጭቅጭቆች ሁሉ በጣም እውነተኛው ነው፤ ማንም ክፉ የለበትምና። ዳያና አክስቷን ለማዳን ነው የምትሟገተው። ፓትም እንዲሁ። የፊልሙ ችግር ካሜራው የቆመበት ቦታ ነው። ክሪስ ቦላን የቤተሰቡ ልጅ ነው፤ ቴሪ የአያቱ እህት ናት። ይህ ዝምድና ሌላ ዳይሬክተር ሊያገኘው የማይችለውን በር ከፍቶለታል፦ አሮጊቶቹ በፒጃማ ሳሉ፣ ሲጨቃጨቁ፣ ሲደክማቸው መቅረጽ ችሏል። ነገር ግን ያው ዝምድና ከአንድ ወገን አስቀምጦታል። የዳያና እንባ ሲመጣ ካሜራው ይጠጋል፤ የፓት ዝምታ ሲመጣ ግን መቼ ይሆን የምትሸነፈው ብሎ የሚጠብቅ ይመስላል። ቤተሰቡ «እኛ ልንቀበላችሁ ዝግጁ ነን» ሲል፣ ፓት ይህን እጅ የማትጨብጠው ለምን እንደሆነ ፊልሙ በቅጡ አይጠይቅም።

ጥያቄው ከፓት ጠባይ በላይ የሆነ መልስ አለው፤ አንድ የሚታወቅ ታሪክ ይህን ያሳያል። በ1983 ሚኒሶታ ውስጥ ሻረን ኮዋልስኪ የምትባል ወጣት ሰክሮ በሚያሽከረክር ሰው ተገጭታ አንጎሏ ክፉኛ ተጎዳ። ከእሷ ጋር ቤት ገዝታ፣ ቀለበት ተለዋውጣ የምትኖረው ካረን ቶምሰን ሆስፒታል ደርሳ ስታስታምማት ቤተሰቡ ማንነቷን አላወቀም ነበር፤ ሲያውቅም አልተቀበለም። በ1985 ሞግዚትነቱ ለአባትየው ብቻ ተሰጠ፤ ካረን ሻረንን እንዳታይ ተከለከለች። ክልከላው ለዓመታት ቆየ። በይግባኝ ሞግዚትነቱን ያገኘችው በ1991 መጨረሻ ነው። በዚያ ዘመን በመላው አሜሪካ የነበሩ ሴት ጥንዶች ይህን ታሪክ እየሰሙ የውክልና ወረቀት ያዘጋጁ ጀመር። ሕጉ የሚያውቀው የሥጋ ዘመድን ነበር፤ አብራ የተኛችውን፣ አብራ የበላችውን፣ መድኃኒት የሰጠችውን አያውቅም። ያን ዘመን አሳልፋ ያረጀች ሴት፣ ፍቅረኛዋ ስትታመም የሥጋ ዘመዶች በሻንጣና በእቅድ ቤቷ ሲገቡ ብትጨነቅ ምን ይገርማል? ፓት ይህን ጉዳይ ሰማችም አልሰማችም፣ የእኔ ክርክር በዚያ ላይ አይቆምም፤ ከ60 ዓመት በላይ ያለ ወረቀት፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ሽማግሌ የቆመ ሦስት ጉልቻ ስትጠብቅ የኖረች ናት። ያን ቤት ትቶ በቴሪ ዘመዶች ከተማ መኖር ለእሷ ሥልጣኗን ማስረከብ ነው። ነገ ቴሪ ሆስፒታል ስትገባ ሐኪሙ የሚያነጋግረው ማንን ነው? ውሳኔው የማን ነው? ዳያና ደግ ሰው መሆኗ ይህን ፍርሃት አያጠፋውም፤ ፍርሃቱ ከዳያና በፊት ተወልዷል።

እምቢታውን ሁሉ ቅዱስ ማድረግ አልፈልግም። ፓት ልክ ያልሆነችበት ጊዜ አለ። ቴሪ ከቤተሰቧ ጋር ለመሆን እንደምትናፍቅ ከፊቷ ይነበባል፤ ፓት ያን ናፍቆት ለመስማት ጊዜ ይወስድባታል። ፍቅር ለረጅም ዘመን ከበር ውጪ ካለው ዓለም ሲከላከል ቆይቶ፣ ጠላቱ ሲርቅም መከላከሉን ይቀጥላል። ፓት ላይ የምናየው ይህ ነው። ፊልሙ ትልቅ የሚሆነውም ፓት ቀስ በቀስ ስትለዝብ ነው። ማንም አልረታትም፤ ለቴሪ የሚበጀው ሲለወጥ የእሷም ሐሳብ ይለወጣል። መጀመሪያ እዚያው ኢሊኖይ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ፤ ኋላ ወደ ካናዳ ይሄዳሉ። ቤቱን የሚለቁበት ክፍል አንጀት ይበላል። ሁለት ሰው ብቻ ትርጉሙን የሚያውቀው ዕቃ ለገዢ ሲዘረጋ፣ ፓት በክፍሎቹ መካከል ስትንጎራደድ፣ እምቢታዋ ለመኖሪያ ቤት ብቻ እንዳልነበር ገባኝ።

የማስታመሙን ነገር ትንሽ ላቆይ፤ የፊልሙ ዋና ሀብት እዚህ ነውና። ፓርኪንሰን ትእግስት የሚጨርስ በሽታ ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እግር ከመሬት አልነሳ ይላል፣ ድምፅ ይሰልላል፣ መድኃኒቱ ሰዓቱን ካልጠበቀ ሰውነት ይደርቃል። ሕመምተኛው ጎልማሳ ልጅ ካለው ልጁ ያግዛል፤ ቴሪና ፓት ልጅ የላቸውም። 80 ዓመት ያለፋትን ሴት የምታነሳት ሌላ 80 ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ካሜራው ፓት ቴሪን ስትከታተል፣ ስትቆጣ፣ ስትስቅ፣ ደግሞ ስትከታተል ይይዛታል። ቁጣዋ ከፍቅሯ አይለይም። ቴሪ በበኩሏ ስታመሰግን አትታክትም፤ ቀልዷ አይጠፋም፤ ፓትን በዓይኗ ትከተላለች። ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታና ሌላም ቦታ በአረጋውያን መኖሪያ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ክፍል ከማንም በላይ ይረዱታል፤ ከአልጋ ወደ ወንበር ማሻገር፣ ክኒን መቁጠር፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ማወቅ ሥራቸው ነው። ፊልሙ የወጣው ደግሞ በ2020 ጸደይ፣ በኮሮና ምክንያት የአረጋውያን መኖሪያዎች በር ለጠያቂ በተዘጋበት ሰሞን ነበር። ማን እንደ ቤተሰብ ተቆጥሮ ይግባ፣ ማን ውጪ ይቅር የሚለው ጥያቄ በዚያ ወር የሁሉም ሰው ጥያቄ ሆኖ ነበር።

ሠርጋቸው የሆነው በ2015፣ ቴሪ 90 ዓመት በሞላት ጊዜ ነው። ኢሊኖይ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በመላ ግዛቷ የፈቀደችው ከጁን 2014 ጀምሮ ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአገር አቀፍ ደረጃ የወሰነው በጁን 2015። ትእይንቱ ያስደስታል፤ ሁለቱ በሰው ፊት ሲሳሳሙ ከማጨብጨብ የሚመለስ ተመልካች ያለ አይመስለኝም። ቦላን ግን ሠርጉን የታሪኩ ጫፍ አድርጎ ሲያቆመው፣ ሙዚቃውም ሲያጅበው፣ እስከዚያ የነበረው 68 ዓመት የሠርጉ ዋዜማ ብቻ እንዲመስል አድርጎታል። ይህን አልቀበልም። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለሆስፒታሉ፣ ለባንኩ፣ ለውርሱ ነው፤ ትልቅ ነገር ነው። ቃል ኪዳኑ ግን አዲስ አልነበረም። ተመልካቹ የሚያለቅስበትን ቦታ ዳይሬክተሩ መርጦ ባይሰጠው ኖሮ ሠርጉ የበለጠ ይከብድ ነበር።

ይህን ስል የማወዳድረው ከሌላ ፊልም ጋር ነው። ሱዛን ሙስካና ግሬታ ኦላፍስዶቲር በ2009 የሠሩት «ኢዲ ኤንድ ቲያ» የኒው ዮርኮቹን ኢዲ ዊንዘርና ቲያ ስፓየርን ታሪክ ይዟል። ኢዲ በአይቢኤም የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራተኛ፣ ቲያ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበሩ። በ1963 ተዋወቁ፤ በ1967 ተጫጩ፤ ቲያ ለእጮኛዋ የሰጠችው ክብ የአልማዝ የደረት ጌጥ ነው፤ የጣት ቀለበት ቢሆን የኢዲ ባልደረቦች «እጮኛሽ ማን ነው?» ይሏታልና። በ1977 ቲያ መልቲፕል ስክለሮሲስ እንዳለባት ታወቀ፤ ከከዘራ ወደ ምርኩዝ፣ ከምርኩዝ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ተሻገረች። ኢዲ ጭኗ ላይ ተቀምጣ በተሽከርካሪው ወንበር አብረው ይደንሳሉ። በሜይ 2007፣ ቲያ የቀራት ዕድሜ አጭር መሆኑ ሲነገራት፣ ቶሮንቶ ሄደው ተጋቡ።

ያ ፊልም በገንዘብም በርዝመትም ያነሰ ነው፤ በድፍረቱ ግን ይበልጣል። ኢዲና ቲያ ስለ ሰውነታቸው ያወራሉ፤ እርስ በርስ ስለመፈላለግ፣ በሽታው ስለ አልጋቸው ምን እንዳደረገና እነሱ ምን እንዳደረጉ ሳያፍሩ ይናገራሉ። «ኤ ሲክሬት ላቭ» በዚህ በኩል ዓይኑን ይጨፍናል። ቴሪና ፓት ደስ የሚሉ አያቶች ናቸው፤ ሲቀላለዱ፣ ግንባር ሲሳሳሙ እናያለን። የወጣትነት ፎቶዎቻቸው የሚናገሩትን እሳት ግን ማንም አይጠይቃቸውም። የአያቱን እህት ስለዚህ መጠየቅ ለቦላን ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፤ ያንን የምትጠይቅ ሌላ ሰው ካሜራው ኋላ ማስቀመጥ ግን ይቻል ነበር። ሌዝቢያን አሮጊቶች ተመልካች ዘንድ ተቀባይ የሚሆኑት ፍላጎታቸው ሲደበቅ ከሆነ፣ ምስጢሩ ገና ሙሉ በሙሉ አልወጣም።

ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ይህን ፍቅር ወንጀል እንደሚያደርገው አውቃለሁ፤ ብዙ አንባቢዬም በእምነቱ እንደማይቀበለው አውቃለሁ። የተቀደደ ፊርማ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ሳይነገራቸው የሚያውቁ አንባቢዎችም እንዳሉኝ አውቃለሁ። አንዲት ሴት አንዲትን ሴት 72 ዓመት ስትጠብቃትና በመጨረሻ በእጇ ስታበላት ማየት ምን እንደሚመስል ፊልሙ ለሁሉም ያሳያል። እዚህ ላይ ቦላንን ከልብ አመሰግናለሁ፤ አንድም ቦታ ሴቶቹን ለክርክር ማስረጃ አላደረጋቸውም። ቴሪ ቴሪ ናት፣ ፓትም ፓት።

የፊልሙ ትልቁ ጉድለት መጨረሻው ላይ ነው፤ ከኢዲና ከቲያ ታሪክ ጋር ሲተያይ ጎልቶ ይወጣል። ቲያ በፌብሩዋሪ 2009 ስትሞት ኢዲ ብዙም ሳትቆይ በልብ ሕመም ሆስፒታል ገባች፤ የፌዴራሉ ሕግ ጋብቻዋን ስላላወቀላት 363,053 ዶላር የውርስ ግብር ተጠየቀች፤ ባል ሞቶባት ቢሆን ኖሮ ምንም አትከፍልም ነበር። ከሰሰች። በጁን 26 ቀን 2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ ፈረደላት። የኢዲ ፍቅር ከቲያ ሞት በኋላ ምን እንዳደረገ መዝገብ ላይ አለ። የፓት ግን የለም። «ኤ ሲክሬት ላቭ» ለተመልካች ሲደርስ ፓት በሕይወት ነበረች፤ አልሄድም ባለችው ከተማ፣ እምቢ ካለቻቸው ዘመዶች አጠገብ፣ ያለ ቴሪ። ፊልሙ ያን ዘመን ብዙም አይከተልም። ዳያናና ፓት፣ የሚወዷት ሰው ከመሀላቸው ከወጣች በኋላ፣ እንዴት ሆኑ? ዳያና ትመላለሳለች? ፓት በር ትከፍታለች? ክሪስ ቦላን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማምጣት ከማንም የቀረበ ሰው ነበር፤ ከቤዝቦሉ 15 ደቂቃ ቆርጦ ለፓት ቢሰጣት ኖሮ ፊልሙ በቀላሉ የማይገኝ ሥራ ይሆን ነበር።